ለአሮጌ ቀላል አውሮፕላን የንጹሕ አየር ማስገቢያ ስለ መጨመር



በመሐንዲሶች ዘንድ ትንሽ ነው እየተባለ ያለ ብዙ ማሰላሰል የሚፈጸም ሥራ ብዙ ነው። በአሮጌ ቀላል አውሮፕላን ካቢን ላይ የንጹሕ አየር ማስገቢያ መጨመርም ከእነዚሁ አንዱ ነው። አብራሪው በሙቀት ይጨነቃል፤ ቴክኒሺያኑ ትራፓኖውን ያነሣል፤ ከላሜራው ላይ የብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ተቆርጣ ትወጣለች፤ ቱቦ ይገጠማል፤ ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል። ይሁን እንጂ በሚበር አውሮፕላን ላይ የሚያልፈው አየር በየቦታው የተለያየ ግፊት የሚያሳድር በመሆኑ፣ ያቺ ቀዳዳ የምትከፈትበት ሥፍራ በካቢኑ ውስጥ የሚነፍሰውን ነፋስ መነሻና መድረሻ ትወስናለች። ሥፍራው በትክክል ሲመረጥ አብራሪው ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፤ ሲሳሳት ግን ካቢኑ የሞተሩን ጢስ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎችም ይዛባሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ቀዳዳው ከመበሳቱ በፊት ግፊቱ መለካት እንዳለበት፣ ከመግቢያውም ጋር መውጫው አብሮ መታሰብ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

አየሩና አገሩ

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አንድ የበረራ መስመር በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ርቀት ያለችው ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ በላይዋም የጦሳ ተራራ ቆሟል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወደ አፋር ሜዳ እየወረደ ሄዶ፣ ሚሌ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዓለም አቀፉ የመደበኛ አየር ስሌት መሠረት ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጨምር፣ በኮምቦልቻና በሚሌ መካከል በከፍታው ልዩነት ብቻ ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። በዚህ ላይ በመስታወቱ በኩል የሚገባው የፀሐይ ጨረርና ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ሙቀት ይጨመራል።

እንግዲህ በማለዳ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ቀላል አውሮፕላን ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይነሣል። ደጋንን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማሞቂያው ይዘጋል፤ የአየር ማስገቢያው ይከፈታል። ከባቲ ወዲያ አብራሪው ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ሊከፍት ይሻል። ሲመለስ ደግሞ ተራውን ገልብጦ ይደግመዋል። በመሆኑም አንድ ካቢን በአንድ ቀን ብርዱንም ሙቀቱንም ያያል፤ ማሞቂያውና የአየር ማስገቢያው እየተፈራረቁ ይሠራሉ። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ መፈራረቅ ነው።

ሁለት ዓይነት አሮጌ አውሮፕላን

ኢትዮጵያ ከትናንሽ አውሮፕላኖች ጋር የቆየ ታሪክ አላት። ፖቴዝ 25 የተባለው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራትና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ ለረጅም ዘመን በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የኢትዮጵያ አየር ኃይል በስዊድናውያን ረዳትነት በቢሾፍቱ ሲደራጅ፣ ሳብ 91 ሳፊር የተባለው ቀላል አውሮፕላን ለማሠልጠኛነት መጥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በእርሱ ተምረዋል። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ዓ.ም. በዚሁ በሳፊር ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ ከ6,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ መሐል ላይ ሳያርፍ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ ጨርሶታል። በጠባብ ካቢን ውስጥ ያን ያህል ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው የሚተነፍሰው አየር ንጽሕና የምቾት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ይህ ታሪክ የሚነሣው አንድ ልዩነት ለማሳየት ነው። ፀሐይን የመሰለች አውሮፕላን የአገር ቅርስ ናት፤ ከእንግዲህ አትበርም፤ ስለዚህ በአካሏ ላይ አንዲት ሪቬት እንኳ ያለ ጥናት አትነካም። ገና የሚበር አሮጌ አውሮፕላን ግን ሰው የሚሳፈርበት መሣሪያ በመሆኑ፣ የአብራሪውን ደኅንነት የሚጠብቅ ማሻሻያ ሊደረግበት ይገባል። ለመጀመሪያው የሚገባው ጥበቃ ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ጥበቃና ማሻሻል በሚዛን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱ በፊቱ ያለው አውሮፕላን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል።

ጢስ ቤትና ካቢን

የወሎ እናት በማድ ቤት እሳት ስታነድ በሩ ብቻ ተከፍቶ ጢሱ ቢያስቸግራት፣ በሩ ትይዩ ያለውን መስኮት ትከፍታለች። አየር የሚንቀሳቀሰው መግቢያና መውጫ ሲኖረው፣ በሁለቱም መካከል የግፊት ልዩነት ሲኖር መሆኑን በልምድ ታውቀዋለች። የአውሮፕላን ካቢንም በዚሁ ሕግ ይመራል።

በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን የፊት ጠርዙ አየሩን ስለሚገፋ ከፍተኛ ግፊት ያርፍበታል። እንደ ደጋን በጎበጠው የክንፉ የላይ ፊትና በካቢኑ ጣሪያ ላይ ግን አየሩ ስለሚፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይኸውም መሳብ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የቀላል አውሮፕላን ካቢን የሚያፈስሰው በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ፣ ማለትም መሳብ ባለበት ሥፍራ ስለሆነ፣ በካቢኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በጥቂቱ ያንሳል። ያነሰው ግፊት ደግሞ አየር ይጠራል፤ የሚጠራውም በወለሉ ስንጥቅ፣ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችና በጅራቱ በኩል ነው። የሞተሩ ጢስ ማውጫ ደግሞ ጢሱን የሚለቅቀው በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ነው። በመሆኑም አብራሪው ሙቀቱ ሲጠናበት የጎን መስኮቱን ቢከፍት፣ ነፋስ ፊቱን ሲመታው ንጹሕ አየር የገባለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን መስኮቱ ካቢኑን ይበልጥ እየሳበ ከወለሉ በታች ያለውን ጢስ ያስገባ ይሆናል።

የቁጥሩን መጠን መመልከት ይጠቅማል። በኮምቦልቻ አካባቢ ከፍታና ሙቀት የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲበር የፊት ግፊቱ ወደ 990 ፓስካል ይጠጋል፤ ይኸውም 100 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለውን የውሃ ዓምድ ያህላል። ፍጥነቱ ወደ አሥረኛው ሲወርድ ግፊቱ ወደ መቶኛው ስለሚወርድ፣ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ሲንቀሳቀስ ይህ ግፊት 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በነፋስ ግፊት የሚሠራ ማስገቢያ በሚሌ ሜዳ ላይ ለቆመ አውሮፕላን አይረዳም፤ ጥቅሙ በአየር ላይ ነው። በአየር ላይ ሲሆን ግን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ አየሩ በበረራው ፍጥነት ሲሶ ብቻ ቢያልፍ እንኳ በሴኮንድ 30 ሊትር ያህል ይገባል፤ በአንድ ደቂቃም ወደ 1.8 ሜትር ኩብ፣ ይኸውም የአንድ ባለ ሁለት መቀመጫ ካቢን ሙሉ አየር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የገባው አየር መውጫ ሲያገኝ ነው።

ከሰልና ሞተር

በደሴ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ስንት ቤተ ሰብ እንደሚጎዳ የማያውቅ የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። የቤንዚን ሞተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። በአሮጌ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ያለው የካቢን ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በማርሚታው ዙሪያ በተገጠመ የላሜራ ሽፋን ውስጥ አየር አሳልፎ በማሞቅ ስለሆነ፣ ማርሚታው አንድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካወጣ መርዙ ከሙቀቱ ጋር ወደ ካቢኑ ይገባል።

ይህ ጋዝ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂቱም ብዙ ይጎዳል። ከፍታ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ በጦሳ ላይ የሚያልፍ አብራሪ ገና ከመጀመሪያው ኦክሲጅን ጎድሎታል። ራስ ምታት፣ ድብታና የሐሳብ መዘበራረቅ ይከተላሉ፤ ክፋቱም ሕመሙ የሚያጠቃው ሕመሙን ሊያውቅ የሚገባውን አእምሮ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የቀላል አውሮፕላኖች ደንብ ለብዙ አሥርት ዓመታት በካቢን ውስጥ ያለው የዚህ ጋዝ መጠን ከ20,000 እጅ አየር 1 እጅ እንዳይበልጥ ሲያዝዝ የኖረው ስለዚህ ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ናንት ወደ ዌልስ ካርዲፍ ሲበር የነበረ አንድ ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ ባሕር ላይ ወደቀ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በተሳፋሪው በእግር ኳስ ተጫዋቹ በኤሚሊያኖ ሳላ ደም ውስጥ 58 በመቶ የሚሆነው የደም ቀለም በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ አገኙ፤ አብራሪውም በዚሁ ጋዝ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ገለጹ። አውሮፕላኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ከዚህም በላይ ዕድሜ ያላቸው ብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ዛሬም በዓለም ላይ ይበርራሉ።

የመለኪያዎች መዛባት

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ፍጥነትና ከፍታ የሚለኩት የውጭውን አየር ግፊት በማወቅ ነው። በብዙ አሮጌ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ግን ለመለኪያዎቹ የውጭ አየር ግፊት የሚያቀብል ልዩ ቱቦ የለም፤ መለኪያዎቹ የካቢኑን ግፊት እንደ ውጭው ቆጥረው ይሠራሉ። ስለዚህ የካቢኑን ግፊት የሚለውጥ ቀዳዳ የመለኪያዎቹንም ንባብ ይለውጣል።

መውጫ ብቻ ተበጅቶ የካቢኑ ግፊት ከፊት ግፊቱ በአሥረኛው እጅ ቢቀንስ፣ የፍጥነት መለኪያው በማናቸውም ፍጥነት 5 በመቶ ያህል አብልጦ ያነባል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበረውን 168 ያስመስለዋል። የከፍታ መለኪያውም 10 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል። 10 ሜትር ለብቻው ሲታይ ብዙ አይደለም። ለማረፍ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚወርድ አብራሪ ግን መለኪያው 5 በመቶ ካታለለው፣ ክንፉ ተሸካሚነቱን ወደሚያጣበት ፍጥነት ሳያውቅ ይቀርባል። በተቃራኒው መግቢያው በርትቶ የካቢኑ ግፊት ጥቂት ከፍ ቢል መለኪያዎቹ አሳንሰው ያነባሉ፤ አብራሪውም ከሚያስፈልገው በላይ በፍጥነትና በከፍታ ይበራል። ይህም ስሕተት ቢሆንም የሚያዘነብለው ወደ ደኅንነት ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ምክንያቶች ወደ አንድ ውሳኔ ያደርሳሉ። ካቢኑን የሚስብ ቀዳዳ ጢስ ያስገባል፤ ፍጥነትንም አብልጦ ያሳያል። ስለዚህ የንድፉ ግብ የካቢኑ ግፊት ከውጭው አየር ጋር እኩል፣ ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ከፍ ያለ እንዲሆን ነው።

ሥፍራ ስለ መምረጥ

ለመግቢያው የሚመረጠው ከፍተኛ ግፊት ያለበት፣ ከሞተሩ ጢስና ከነዳጁ ትነት የራቀ ሥፍራ ነው። ሴስና ኩባንያ ባለ ክንፍ ከላይ በሆኑት ትናንሽ አውሮፕላኖቹ ላይ አየሩን ከክንፉ ሥር የፊት ጠርዝ ወስዶ በንፋስ መከላከያው መስታወት የላይ ማዕዘን በኩል በሚሳብ ቱቦ ማስገባቱ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ሥፍራው ከጢስ ማውጫው በላይ ነው፤ ግፊቱም ሙሉ ነው። ነገር ግን በክንፉ ሥር የነዳጅ ጋን ካለ የጋኑ መተንፈሻ ከመግቢያው መራቁ መረጋገጥ አለበት።

በካቢኑ ጎን ላይ ማስገቢያ ማበጀት ግድ ሲሆን፣ በአሜሪካ የአየር በረራ ጥናት ምክር ቤት፣ በናካ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ተጠንቶ የወጣው ከላሜራው ወለል ወደ ውስጥ የሰመጠ መግቢያ ይጠቅማል። ይህ ዓይነቱ መግቢያ የሚያመነጨው የአየር ተቃውሞ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ዘገምተኛ አየር በሚወፍርበት በኋለኛው ክፍል ላይ ቢቀመጥ አይሠራም፤ ቦታው ወደ ፊት ነው። ከሞተር ክፍሉ ውስጥ አየር መውሰድ ግን ሊፈቀድ አይገባም። ግድ ሆኖ ቱቦ እሳት መከላከያውን ግድግዳ የሚያልፍ ቢሆን ቱቦው እሳት የሚችል፣ መዝጊያውም ከአብራሪው እጅ የማይርቅ መሆን አለበት።

መድኃኒት ለሚረጭ አውሮፕላን ጥንቃቄው ይጨምራል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በተጠቀመባቸው ቢቨር በመሳሰሉት አውሮፕላኖች ላይ፣ መግቢያው ከመርጫው በስተ ፊትና በላይ ካልሆነ አብራሪው የሚረጨውን መርዝ መልሶ ይተነፍሳል።

መውጫው በካቢኑ የኋላ ክፍል፣ ጢሱ ከሚሄድበት መንገድ በተቃራኒው ጎን፣ አፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይበጃል። መሳቡ መጠነኛ ይሁን፤ ለዚህም ስፋቱን የሚያስተካክል መዝጊያ ይገጠምለታል። ከዚሁ ጋር በካቢኑና በጅራቱ መካከል ያለው ክፍተት በሸራ ወይም በቀጭን ላሜራ ይዘጋል፤ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎቹም ማለፊያ ጎማ ይደረግለታል። ይህ ሳይደረግ የሚበሳ ማስገቢያ የሚሰጠው ጥቅም ግማሽ ነው።

የእጅ ሥራው

ድስት ከተጣደ በኋላ መጥኖ መደቆስ እንደማይቻል ባልትና የሚያውቁ ሁሉ ይናገራሉ። በላሜራም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት፣ በታሰበው ሥፍራ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ሌላው ጫፍ ቀለም የገባበት ውሃ ካለበት የመስታወት ቱቦ ጋር ተገናኝቶ፣ በበረራ ላይ የሥፍራው ግፊት ይለካል። የካቢኑም ግፊት በዚሁ ዘዴ ይለካል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ በማንኛውም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል።

ቀዳዳው ዋናውን የክንፍ ተሸካሚ፣ የአካሉን የቁመት ብረቶችና አጥንቶች አይነካም። ቅርጹ ክብ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። በዙሪያው ከተቆረጠው ላሜራ የማይሳሳ ማጠናከሪያ ቀለበት በሪቬት ይታሰራል፤ ከሪቬቱ መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለው ርቀት ከሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ አያንስም። ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ዝገት መከላከያ ይቀባል። አካሉ ሸራ የለበሰ ከሆነ ማጠናከሪያው ቀለበት ከሸራው ጋር በተገቢው ሙጫ ይያያዛል፤ ቱቦው ግን የሚታሰረው በብረቱ አጽም ላይ እንጂ በሸራው ላይ አይደለም።

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንዳይረሳ ቱቦው በዝቅተኛው ቦታ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ይኑረው። መሬት ላይ ሲቆም ተርብ ጎጆ እንዳይሠራበት፣ አቧራም እንዳይሞላው፣ በቀይ ጨርቅ ምልክት የተደረገበት ክዳን ይዘጋጅለት፤ ከመነሣት በፊት የሚወጣ መሆኑም በአብራሪው የምርመራ ዝርዝር ላይ ይግባ።

ሙከራው

ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ መሬት ላይ በትልቅ ማራገቢያና በሰንደል ጢስ የአየሩ መንገድ ይታያል። በአየር ላይ ግን እሳት የሚባል ነገር አይነሣም፤ በየቦታው የተለጠፉ የክር ቁራጮች አቅጣጫውን ያሳያሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ከለውጡ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይነበባል፤ ይኸውም ሲወጣ፣ በእኩል ከፍታ ሲበር፣ ሲወርድ፣ ማሞቂያው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ መስኮቱም ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይል፣ አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚወጣበት ጊዜ በተለይ መታየት አለበት፤ ጢሱ ብዙ፣ የሚገፋው ነፋስ ግን ትንሽ የሚሆነው ያን ጊዜ ነውና። የፍጥነት መለኪያውም ንባብ ማስገቢያው ተከፍቶና ተዘግቶ ይነጻጸራል፤ ልዩነት ከተገኘ በመለኪያው አጠገብ ተጽፎ ይለጠፋል።

ማስገቢያው የተሰነጠቀ ማርሚታን እንደማይፈውስም መታወቅ አለበት። ማርሚታውና የማሞቂያው ሽፋን በየጊዜው ተፈትተው መመርመራቸው ይቀጥላል፤ የጋዝ መለኪያውም ከካቢኑ አይነሣም።

ፈቃድና መዝገብ

በመጨረሻም፣ ይህ ለውጥ ትንሽ ስለሆነ በቃል ስምምነት ሊያልፍ አይችልም። ሥዕሉና ስሌቱ ተዘጋጅቶ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቀርቦ መጽደቅ፣ አዲሱ ክብደትና የሚዛን ማዕከል መታረም፣ ሥራው በጥገናው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። አሮጌ አውሮፕላን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ዛሬ ያለ ጽሑፍ የተበሳ ቀዳዳ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ቴክኒሺያን ከፋብሪካ የወጣ ይመስለዋል፤ እርሱም በዚያው ላይ ሌላ ለውጥ ይጨምራል። የመጀመሪያው ስሕተት በዚህ ዓይነት ሥር ይሰድዳል።

የማኅበሩ አባላት በዚህ ረገድ ሊፈጽሙት የሚችሉት አንድ ግልጽ ተግባር አለ። በየሥራ ቦታቸው በአሮጌ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ የሚደረጉትን ለውጦች ከነሥዕላቸው፣ ከነግፊት ልኬታቸውና ከነጋዝ ንባባቸው ሰብስበው በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩ፣ ነገ ለተመሳሳይ ሥራ የሚነሣ መሐንዲስ ከባዶ አይጀምርም። እንዲህ ያለው መዝገብ ሲኖር በማለዳ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ አብራሪ ማስገቢያውን ሲከፍት የሚገባለት አየር ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።